የተባረረውን የዶርሜን ልጅ ልፈልገው ወይስ ልተወው?

ታምራት ዘጅማ፦

ሰላም ቤቶች። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ታናሽ እህቴ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ተመደበች። ባለፈው ቅዳሜ እናቴ በሶውን የኒዶ ጣሳ ውስጥ በማንኪያ ጀርባ እየጠቀጠቀች ስታሽግላት አየሁና አንድ ልጅ ትዝ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ከሐሳቤ አልወጣ አለ።

እኔ ጅማ የገባሁት በሚሌኒየሙ በ2000 ዓ.ም. ነው። ዶርም የተደለደልነው በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ስለነበር የአካውንቲንግ «ቲ»ዎች አንድ ክፍል ተሰበሰብን፦ ታደለ፣ እኔ፣ ተመስገን፣ ሁለት ተስፋዬ እና ቶሎሳ። ሦስት ተደራራቢ አልጋ፣ ስድስት ሎከር፣ አንድ ጠረጴዛ። ሁለቱን ተስፋዬዎች ለመለየት በአልጋቸው «ላዩ» እና «ታቹ» አልናቸው። ሁለተኛ ዓመት ላይ ክፍል ቀይረን ላዩ ተስፋዬ ታች መተኛት ቢጀምርም ስሙ አልተቀየረም። ሠርጉ ላይ ሙሽሪት «ለምንድነው ላዩ የሚሉህ?» ስትለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ከስድስታችን ሞባይል የነበረው ተመስገን ብቻ ነው። ከ1997 ምርጫ በኋላ የተዘጋው ኤስኤምኤስ የተከፈተው በዚያው ሰሞን ስለነበር ሁላችንም መልእክታችንን በእሱ ስልክ ነበር የምንልከው። እናቴ እስከ ዛሬ «ያ ባለስልኩ ልጅ ደህና ነው?» ትላለች። ቶሎሳ ደግሞ ከአምቦ ወዲያ ነው የመጣው። ክፍል ውስጥ አማርኛው ሲያስቸግረው እኛ እናስተካክለው ነበር፤ ገበያ ስንወጣ ግን እሱ ጌታ፣ እኛ አሽከር። በኦሮምኛ «ሜቃ?» (ስንት ነው?) ብሎ ይጀምርና እኛ በምንከፍለው ብር እጥፍ አቮካዶ አሸክሞን ይመለሳል። ጅማ ሲቢቲፒ የሚሉት ነገር አለ፤ ተማሪ ማኅበረሰቡ ውስጥ ገብቶ ቤት ለቤት እየዞረ ችግር የሚያጠናበት። እዚያም የቡድናችን አፍ ቶሎሳ ነበር።

ወደ ታደለ ልምጣ። የመጣው ከሞጣ ገጠር ነው። እናቱ የላኩለትን በሶ ሎከር ውስጥ ቆልፎበት አያውቅም፤ ጣሳው ጠረጴዛው መሀል ነበር የሚቀመጠው። ሌሊት ከስፔስ፣ ከማጥኛ ክፍሉ፣ ቸክለን ስንመለስ በውሃና በጨው ያሽና ጭብጦ ጨብጦ ያድለናል። ጭብጦው ላይ የአራት ጣቶቹ ምልክት ታትሞ ይቀር ነበር፤ እኔ መጀመሪያ የምገምጠው የትንሿን ጣቱን በኩል ነው። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ከሁላችን በላይ የሚያጠናው እሱ ነበር። ሌላ ምን ልበላችሁ።

የመጀመሪያው ሴሚስተር ግሬድ የተለጠፈ ሰሞን ነው። የሚለጠፈው በአይዲ ቁጥር ስለሆነ የሌላውን ማን ያስታውሳል፤ ሁሉም የራሱን አይቶ ይመለሳል። እሱን ስጠይቀው «የእኔ ገና አልወጣም» አለኝ። አመንኩት። በዚያ ቀን ከአንዲት ልጅ ጋር ፈረንጅ አራዳ ጁስ ልጠጣ ቀጠሮ ነበረኝ፤ የእኔ ጫማ ደግሞ በጅማ ጭቃ አፉን ከፍቷል። ታደለ ጥቁር ቆዳ ጫማውን ራሱ ቀለም ቀብቶ ሰጠኝና «ሂድ፣ ልጅቷን አታስጠብቃት» አለኝ።

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ስመለስ አንሶላ በሌለው ፍራሽ ላይ ጋቢውን ለብሶ ተኝቷል። አንሶላውን አጥቦት ይሆናል ብዬ ጫማውን ከእኔ አልጋ ሥር ወርውሬ ተኛሁ። ለካስ ተባሮ ቀኑን ሙሉ ክሊራንስ፣ የመልቀቂያ ወረቀት፣ ሲያስፈርም ውሏል። አንሶላውንም አስረክቦ ነበር።

ጠዋት ስንነሣ የለም። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ወጥቶ ወደ መናኸሪያ ሄዷል። ማንንም አልቀሰቀሰም። የበሶው ጣሳ ጠረጴዛው ላይ አለ፣ ጫማው ከእኔ አልጋ ሥር አለ፣ የእኔ ሸበጥ የለም። ከጅማ አዲስ አበባ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚያ አድሮ፣ ዓባይን ተሻግሮ ሞጣ። ያን ሁሉ መንገድ በእኔ ሸበጥ።

የባሰውን ልንገራችሁ። ጫማውን ልልክለት አስቤ ነበር፤ በማን? በየት አድራሻ? ስል ስል አደረግሁት። ሁለት ዓመት ሙሉ አደረግሁት። ሶሉን ሁለቴ አስለውጫለሁ።

አልጋው እስከ ሰኔ ባዶውን ቆየ፤ መጻሕፍት እንደረድርበት ነበር። ታደለ የቼልሲ ደጋፊ ነበር። ግንቦት 13 ሌሊት፣ የሞስኮው የማንቼና የቼልሲ ፍጻሜ ወደ ፔናሊቲ ሄዶ ጆን ቴሪ ሲንሸራተት ላውንጁ በጩኸት ተናጋ። እኔ ማንቼ ነኝ፣ ግን እንደሌሎቹ መጨፈር አቃተኝ።

አሁን የምጠይቃችሁ፦ ይህን ልጅ ፈልጌ ላግኘው? ወይስ በዝምታ የሄደን ሰው በዝምታ መተው ይሻላል? ያጋጠመው ካለ ይንገረኝ።

ምድጃ ደባቂው፦

በአጭሩ የሰው ጫማ በልተሃል ወንድሜ። ዕዳ ነው፤ ፈልገህ ክፈል።

ቁም ነገሩን እዚህ ላብቃና፣ ዶርም ስትል የእኛው ትዝ አለኝ። ካምፓሱን አልጠራም። የኤሌክትሪክ ምድጃ ክልክል ነው፤ እኛ ግን ነበረን። አንድ እሑድ ሽንኩርት እያቁላላን ፕሮክተሩ፣ የዶርሙ ተቆጣጣሪ፣ በሩን ቆረቆረ። አንዱ ጓደኛችን ምድጃውን ከነግለቱ ሻንጣው ውስጥ ከቶ ላዩ ላይ ተቀመጠበት። ፕሮክተሩ ደግሞ ወሬ ወዳድ ሰው ነው፤ ስለ ልጁ ትምህርት፣ ስለ ጨጓራው ሁሉ አወራን። ጓደኛችን ላቡ ጠብ ጠብ እያለ «አዎ አባቴ፣ ልክ ነው አባቴ» ይላል። ሲወጡ ስናየው የሻንጣው ሆድ በምድጃው ልክ ክብ ሆኖ ተቃጥሏል። ልጁ እስኪመረቅ ድረስ በዚያው ሻንጣ ነው የተጓዘው፤ ቀዳዳውን በካርቶን ደፍኖ። ፕሮክተሩ ሊወጡ ሲሉ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ጨው እንዳታበዙ።»

የባቻችሁ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጠይቅ። አንድ የሚያውቀው አይጠፋም።

ሰላም የሐዋሳዋ፦

ወንድም ታምራት፣ ጽሑፍህ አንጀቴን በላኝ፤ ግን ቶሎ አትሩጥ።

እኛም ከዶርማችን መሀል ላይ ያቋረጠች ልጅ ነበረችን፤ ምክንያቷ የራሷ ነው፣ እዚህ አልዘረዝረውም። ፀጉር የምትሠራን እሷ ነበረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከፍ ብላ ትቀመጥና እኛ ተራ በተራ መሬት ጉልበቷ መሀል፤ ሹሩባዋ ስለሚጠብቅ ሰኞ ክፍል ስንገባ ዓይናችን ወደ ላይ ተስቦ የደነገጥን እንመስል ነበር። አንዳንዴ አሞራ ገደል ወርደን ዓሣ ስንበላ አጥንቱን ለሁላችን የምትለቅመውም እሷ ናት። ከተመረቅን ከሦስት ዓመት በኋላ ፌስቡክ ላይ አገኘናትና አምስታችንም በአንድ ቀን ጻፍንላት። ፎቶ፣ ልቅሶ፣ «ናፍቀሽናል»። «ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ» አለችና ሁላችንንም ብሎክ አደረገችን።

በጊዜው ተቀይሜያት ነበር። አሁን ሳስበው ተመርቀን ጋውን ለብሰን የተነሣነውን ፎቶ ነው የላክንላት። ምን ነክቶን ነው?

የሞጣ አማች፦

ጫማው ይቅርና በሶው የምን ነበር፣ የነጭ ገብስ ነው? ጣሳውንስ ማን ጨረሰው? ይህን ሳትናገር አለፍክ።

ባለወፍጮው፦

እኔ እንደ ጓደኛህ የተባረርኩ ነኝ። ከሁለተኛ ዓመት። የት እንደሆነ ተዉት፣ ጥፋቱ የማንም አይደለም።

ሰው የሚመስለው ውጤቱ ነው የሚያመው። አይደለም። የሚያመው ቤት መግባቱ ነው። እኔ አልገባሁም፤ አዳማ ወርጄ ሦስት ሳምንት ጭነት ሳራግፍ ቆየሁ። ቤተሰቤ ትምህርት ላይ ያለሁ ይመስላቸዋል። በኋላ አባቴ ሰምቶ መጣ፤ ምንም አልተናገረኝም፣ ምሳ አበላኝና ይዞኝ ሄደ።

የዶርሜ ልጆች ደጋግመው ይደውሉ ነበር። አላነሣም። የሚሉትን አውቀዋለሁ፤ «አይዞህ፣ ለበጎ ነው»። አንዱ ግን ብልጥ ነበር። ከዓመት በኋላ በማላውቀው ቁጥር ደውሎ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርስ «ስማ፣ እዚያ እናንተ ጋ ጤፍ ኩንታሉ ስንት ገባ? እናቴ ልትገዛ ነው» አለኝ። ጠይቄ መልሼ ደወልኩለት። በሳምንቱ ደግሞ ስለ ሽንብራ ጠየቀኝ። እንዲህ እንዲህ እያልን ስለ ካምፓስ ያወራነው በሁለተኛው ዓመት ይመስለኛል። ዛሬ ልጁን ክርስትና ያነሣሁት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ታምሬ፣ የይቅርታህን ነገር ለጊዜው ቤትህ አስቀምጠው። ስትደውል የሆነ ጉዳይ ይኑርህ። እውነተኛ ጉዳይ ግን፤ የተፈጠረ ከሆነ ያውቅብሃል።

ምድጃ ደባቂው፦

ባለወፍጮው፣ ኮፍያዬን አንሥቻለሁ። እኔ ሻንጣ ሳወራ…

ታምራት ዘጅማ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለሞጣ አማች፦ ገብሱን አላውቅም፣ ጣሳውን የጨረሰው ታቹ ተስፋዬ ነው። ለሁለት ሳምንት ያህል ማንም አልነካውም ነበር፤ አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ሻማ ስናበራ አፉ ዙሪያ ዱቄት ሆኖ ያዝነው። ማንም አልተቆጣውም። ተራ በተራ ማንኪያ ይዘን ተቀመጥን።

ሰላም፣ ያልሽው ገብቶኛል። ግሩፑ ላይ አልጻፍኩም፤ ስሙን አደባባይ ማውጣት አስጠላኝ። ለቶሎሳ ብቻ ደወልኩ። ጉዱን ስሙ፦ ቶሎሳ ቁጥሩ አለው! ከሦስት ዓመት በፊት ለሥራ ባሕር ዳር ሄዶ የቤት ክዳን ቆርቆሮ ሊገዛ ሱቅ ሲገባ ባለሱቁ ታደለ። «ለምን አልነገርከንም?» ስለው «አልጠየቃችሁኝማ» አለኝ። እውነቱን ነው።

ቁጥሩን ይዤ ሁለት ቀን ቆየሁ። ከዚያ እውነተኛ ጉዳይ እንዳለኝ ትዝ አለኝ፤ የእህቴ በሶ። እናቴ ከገበያ የገዛችው ገብስ አሸዋ አለበት ብላ ስታማርር ነበር። ትናንት ማታ ደወልኩ።

«ታደለ፣ ታምራት ነኝ፤ የጅማው። እህቴ ካምፓስ ልትገባ ነው፤ ጥሩ በሶ ከእናንተ አገር ማን ይልክልኛል?»

ዝም አለ። ቆርቆሮ ሲጎተት ይሰማኛል፣ ሰው «ባለ ስንት ጌጅ ነው?» ይላል። ከዚያ «በሶውን እናቴ ታዘጋጃለች፣ አሁንም ጎበዝ ናት። ስንት ኪሎ?» አለኝ። አምስት አልኩት። «አምስት ምን ይሆናታል፣ የዶርም ልጆች የላትም እንዴ?» ብሎ አሥር አደረገው። ሒሳቡን ስጠይቀው ሌላ ወሬ ጀመረ።

ስለ ጫማው ላነሣ አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«ይልቅ ያ ሸበጥህ ወልቂጤ ላይ ተበጠሰብኝ፤ ዓባይን የተሻገርኩት በሽቦ አስሬው ነው። ቆይ፣ ያንተ እግር ስንት ቁጥር ነው? ሰፍቶኝ መከራዬን አሳየኝ እኮ!»