"ስመ መንግሥት" ወይስ "ስመ ዘመን"? ለዡ ቢያው የዘመን ስም ስናወጣ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ ቤተሰብ። ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። የሚንግ ሥርወ መንግሥት መሥራች የበኩር ልጅ ዡ ቢያው እ.ኤ.አ. በ1392 ባይሞትና አባቱን ቢወርስስ ብዬ ነው የተነሳሁት። የቻይና ነገሥታት ለዘመናቸው ስም ያወጡ ነበር። እኔ "ዳቼንግ" ብዬዋለሁ፤ "ታላቅ ፍጻሜ" እንደማለት ነው። ይህ ዓይነቱ ስም በአማርኛ "ስመ መንግሥት" ይባላል? ስሙስ ያስኬዳል?

መልስ፦

እህቴ፣ ጥያቄሽ ደስ ይላል። ከቃሉ ልጀምር። "ስመ መንግሥት" የሰው ስም ነው። ካሳ ኃይሉ ሲነግሡ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባሉ፤ ተፈሪ መኮንን ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ። የቻይናው ግን የዓመቱ ስም ነው። የዡ ቢያው አባት ዘመን ስሙ "ሆንግዉ" ነበር፤ ውል ሲዋዋሉ "ሆንግዉ 3ኛ ዓመት" ብለው ይጽፉ ነበር። ሳንቲሙም ላይ ያው ስም ይቀረጽ ነበር። ለእኛ ጆሮ የሚቀርበው "ዘመነ ማቴዎስ፣ ዘመነ ማርቆስ" የምንለው ነው። ስለዚህ እኔ "ስመ ዘመን" እለዋለሁ። ሲነበብም "በዘመነ ሆንግዉ በ31ኛው ዓመት" ቢባል ያምራል።

ብዙ ሰው የሚምታታበት ምክንያት አለ። ከሚንግ ጀምሮ በአብዛኛው አንድ ንጉሥ አንድ ስመ ዘመን ነው የሚይዘው። ሰዉም ንጉሡን ራሱን በዘመኑ ስም ጠራው። ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። ንግሥት ዉ ዜትየን ከ690 እስከ 705 ስትነግሥ ከ10 በላይ ስሞች ቀያይራለች።

አሁን ወደ "ዳቼንግ" እንምጣ። ትርጉሙ ያምራል፤ ግን ስመ ዘመን በትርጉም ብቻ አይመረጥም። በዓይንም ይመዘናል። የቻይና ሊቃውንት ፊደሉን በታትነው ውስጡ ምን እንዳለ ያያሉ። የአንቺው ስም ደግሞ በዚህ ፈተና አንድ ጊዜ ወድቋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሚንግ በፊት የነበረው የሶንግ ሥርወ መንግሥት ንጉሥ ሼንዞንግ "ሺኒንግ" በሚባለው ዘመኑ መጨረሻ ላይ ድርቅ ገባ። ስሙ ይቀየር ተባለ። ሹማምንቱ መጀመሪያ ያቀረቡት "ዳቼንግ"ን ነበር። ንጉሡ አልተቀበለውም። "ቼንግ" ሲበተን አንድ ሰው ጦር ተሸክሞ ይታያል አለ። ቀጥለው "ፌንግሄንግ" አሉት። እሱንም መለሰው። "ልጅ" የሚለው ፊደል መሃሉን አግድም የሚያቋርጥ ጭረት አለው። "ሄንግ" ግርጌው "ልጅ"ን ይመስላል፤ ያ ጭረት ግን የለውም። ያልሞላ ልጅ ማለት ነው። ሼንዞንግ ወንዶች ልጆቹ በሕፃንነታቸው እየሞቱ ያስቸገሩት አባት ነው። ያንን ጭረት ፍለጋ ዓይኑ የት እንደሚሄድ አስቢው። በመጨረሻ "ፌንግ"ን ብቻ አስቀርቶ "ዩዋንፌንግ" አለው፤ ከ1078 ጀምሮ።

"ፌንግ" እህል ሲተርፍ ነው። በአማርኛ "ጥጋብ" ብንለው ልክ ይመጣል፤ ግን "ጥጋብ" በእኛም ሁለት ፊት አለው። ጠግቦ አደረ ይባላል፤ ጥጋብ ነፋው ደግሞ ስድብ ነው። ስለዚህ "ዘመነ በረከት" ይሻላል። ያው ሼንዞንግ የፈራውን ዓይነት ነገር እኛም በአማርኛ መፍራት አለብን።

ሌላው ነገር፣ ስሙ ቀድሞ ተይዞ እንደሆነ ማየት ነው። "ዳቼንግ"ን በ579 የሰሜን ዦው ንጉሥ ይዞት ነበር፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዙፋኑን ለልጁ ለቀቀና ስሙም ተቀየረ። የሶንግ መሥራች ታይዙም ማንም ያልያዘው ስም አምጡልኝ ብሎ "ቺያንደ" ተሰጠው። ሹ የሚባለውን መንግሥት ድል ካደረገ በኋላ ከዚያ የመጣች አንዲት የቤተ መንግሥት ሴት መስታወት ይዛ ተገኘች። ጀርባው ላይ "በቺያንደ 4ኛ ዓመት ተሠራ" ይላል። ያ ዓመት ገና አልገባም! ለካ የቀድሞው የሹ መንግሥት ተጠቅሞበታል። ታይዙም ዋና ሹም የሚሆነው የተማረ ሰው ነው አለ ይባላል።

ለዡ ቢያው ምን ይሁን? እኔ አባትየውን አይቼ ነው የምመርጠው። "ሆንግዉ" ውስጥ "ዉ" ጦር፣ ጀግንነት ነው። ዡ ቢያው በእነ ሊቁ ሶንግ ሊያን እጅ የተማረ ሰው ነው። የጦሩ ወገን "ዉ" ከሆነ የብዕሩ ወገን "ዌን" ነው። በእውነተኛው ታሪክ ዙፋኑን የወረሰው የዡ ቢያው ልጅም "ጂያንዌን" ያለው ለዚህ ይመስለኛል። "ዮንግዌን" ብትይው፣ ብዕር ለዘላለም፣ ከሰውየው ጋር ይሄዳል። ቀድሞ የተያዙትን ስሞች ዝርዝር ግን ፈትሺ።

አንድ ማሳሰቢያ። "ጂያንዌን"ን ወደ አማርኛ ስትመልሺ "ብዕርን ማቆም" እንዳትዪ። "ጂያን" ማቆም ነው፤ እንደ ሐውልት ማቆም። አማርኛ አንባቢ ግን ብዕሩን አስቀመጠው ብሎ ይረዳዋል። "ዕውቀትን መትከል" ያድናል።

ሌላ አባል፦

"ታይፒንግ" ለምን አይሆንም? "ታላቅ ሰላም" ነው፤ አጭርና ግልጽ።

መልስ፦

ወንድሜ፣ የዛሬ አንባቢ "ታይፒንግ" ሲል የሚያስበው በ1851 የተነሳውን ደም ያፈሰሰ ዓመፅ ነው። ቀድሞም ተደጋግሞ ተይዟል።

ከነዚያ አንዱ ግን ለጠያቂያችን ይጠቅማል። አዲስ ንጉሥ ሲነግሥ በደንቡ ስሙን ወዲያው አይቀይርም። የሞተው ንጉሥ ዓመት እስኪያልቅ ይጠብቃል። ሆንግዉ በ1398 ሞተ፤ "ጂያንዌን" የተጀመረው በ1399 ነው። የሶንጉ ታይዞንግ ግን በ976 ወንድሙን ተክቶ ሲነግሥ ለአዲሱ ዓመት ጥቂት ቀናት ሲቀሩ "ታይፒንግ ሺንግጉዎ" ብሎ ቀየረው። ቀናት መታገሥ አቅቶት! በወንድሙ አሟሟት ላይ ጥርጣሬ ያላቸው ሰዎች ይህችን ችኮላ እስከ ዛሬ ያነሳሉ። የዡ ቢያው ወንድም የዡ ዲ ደግሞ ይብሳል። በ1402 የወንድሙን ልጅ ገልብጦ ናንጂንግ ሲገባ "ጂያንዌን"ን ጭራሽ ሰረዘው። ያ ዓመት "ሆንግዉ 35ኛ" ተባለ። ሆንግዉ ከሞተ 4 ዓመት ሆኖታል።

ስለዚህ እህቴ፣ በታሪክሽ ውስጥ ዡ ቢያው በሰላም ከወረሰ የመጀመሪያዎቹን ወራት "ሆንግዉ 31ኛ" እያልሽ ጻፊ። "ዮንግዌን 1ኛ" ከአዲሱ ዓመት ይጀምር።