ቪለምስታድ ወደብ ላይ የኤሌክትሪክ ሳይክል ተከራይቶ መዞር ለጀማሪ ይሆናል?

መንገደኛዋ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። በመጪው የካቲት ከባለቤቴ ጋር ከፍሎሪዳ በክሩዝ መርከብ ወደ ካሪቢያን እንሄዳለን። ከምንቆምባቸው ደሴቶች አንዷ ኩራሳኦ ናት። መርከባችን የደሴቷ ዋና ከተማ ቪለምስታድ ላይ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ደርሳ ከቀኑ 11 ሰዓት ትነሳለች። በአውቶቡስ የሚያዞሩበት ጉብኝት አለ፣ ግን ልቤ አልወደደውም። በመስታወት ውስጥ ሆኜ ከማይ፣ ሳይክል ተከራይተን እንደ ፈለግን እየቆምን ብንዞር ደስ ይለኛል።

እኔ 53 ዓመቴ ነው። ሳይክል የነዳሁት ልጅ ሆኜ ነው። ባለቤቴ ጎበዝ ነው፣ ግን ጉልበቱን ያመዋል። ለዚህ ነው የኤሌክትሪኩን ያሰብነው። ባትሪው መንገድ ላይ ቢያልቅ ምን ይደረጋል? መኪናውስ አያስፈራም? እስከ የት ሄደን በሰዓቱ መመለስ እንችላለን? መርከቧ ጥላን ብትሄድ የሚለው ሐሳብ እንቅልፍ ይነሳኛል። የሞከራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ጡረተኛው

እህቴ፣ ይሆናል። እኔ 67 ዓመቴ ነው። ከባለቤቴ ጋር እዚያው ከተማ ሁለት ጊዜ ተከራይተን ዞረናል፤ ዓምና ጥር ላይ አንዴ፣ ዘንድሮ ኅዳር ላይ አንዴ። የመጀመሪያው ቀን መከራ ነበር። ሁለተኛውን መቼም አልረሳውም። ልዩነቱን ያመጣው ነፋሱ ነው።

እዚያ ደሴት ላይ ነፋሱ ከምሥራቅ ነው የሚመጣው፤ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል። ዲቪ ዲቪ የሚሉትን ዛፍ ስታዪ ይገባሻል። ግንዱ ቆሞ ቅርንጫፉ በሙሉ ወደ ምዕራብ ተጋድሟል፤ ፀጉሩን ወደ ኋላ ያበጠረ ሰው ይመስላል።

ዓምና ይህን አላሰብኩበትም። ከወደቡ ወጥተን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ፒስካዴራ አቅጣጫ ነዳን። ነፋሱ ከኋላ ይገፋናል፤ ፔዳሉ አይከብድም። ባለቤቴ እንደ ልጅነቷ ትስቃለች። የኔ ባትሪ ከ5 መስመር 4 ያሳያል። «ትንሽ እንሂድ፣ እስከዚያ መታጠፊያ ብቻ» እየተባባልን ራቅን። ለመመለስ ስንዞር ነፋሱ ፊታችንን መታን። መስመሩ ዓይናችን እያየ ወረደ። ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረን የባለቤቴ ሳይክል ቀጥ አለ። ሲሰጡን «ሙሉ ነው» ብለው ነበር፤ እኔም ሳላይ ተቀብያለሁ። የኔን ለእሷ ሰጥቼ የሞተውን እኔ ነዳሁት። እንዲህ ያለ ሳይክል 25 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ያለ ባትሪ፣ ነፋስ ፊት ለፊት፣ በዚያ ፀሐይ! መርከቧ ልትነሳ 50 ደቂቃ ሲቀራት ደረስን። ባለቤቴ ያን ቀን ማታ እራት አልበላችም።

ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ነፋሱ ሂዱ። ጉልበታችሁም ባትሪውም ሙሉ እያለ ወደ ምሥራቅ፣ ስትመለሱ ነፋሱን ከኋላ አድርጋችሁ። ዘንድሮ ያደረግነው እንዲህ ነው።

ትልልቆቹ መርከቦች የሚቆሙት ከሪፍ ምሽግ አጠገብ ነው፤ ከዚያ እስከ ተንሳፋፊው ድልድይ በእግር ቢበዛ ሩብ ሰዓት ነው። ከተማው መርከብ በሚገባበት ቦይ ግራና ቀኝ ለሁለት የተከፈለ ነው። እናንተ የምትወርዱበት ኦትሮባንዳ ይባላል፤ ትርጉሙም «ወዲያ ማዶ» ማለት ነው። ማዶው ፑንዳ ነው። የሚያገናኛቸው የንግሥት ኤማ ድልድይ በ1888 በአውሮፓ አቆጣጠር የተሠራ ነው። በጀልባ መሳይ ተንሳፋፊዎች ላይ ተቀምጧል። መርከብ ሲመጣ በሞተር እየተገፋ እንደ በር ወደ ጎን ይከፈታል። የእግረኛ ድልድይ ስለሆነ ሳይክሉን በእጃችሁ እየገፋችሁ እለፉ። ወለሉ እንጨት ነው፤ ጎማ ከሥሩ ሲንቀሳቀስ ይሰማል። ከተከፈተባችሁ አትጨነቁ፤ እግረኛ በነፃ የሚያሻግር ጀልባ አለ።

ፑንዳ ስትደርሱ ቸኩላችሁ አትንዱ። ጎዳናዎቹ ጠባብ ናቸው፤ ሳይክሉን አስራችሁ በእግር እዩት። በ1732 የተሠራው ምኩራብ እዚያ ነው። ወለሉ በአሸዋ የተሸፈነ ነው፤ ባለቤቴ ጫማዋ አሸዋው ላይ ድምፅ ሲያጣ ዝም አለች፣ ከወጣን በኋላም ለረጅም ጊዜ አልተናገረችም።

ከፑንዳ በፒተርማይ በኩል ወደ ምሥራቅ ውጡ። ያረጁ ቤቶች በቢጫና በሰማያዊ ታድሰው ተደርድረዋል። ከዚያ ባሕሩን ተከትላችሁ እስከ ማምቦ የባሕር ዳርቻ ሂዱ፤ ከፑንዳ 4 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። እዚያ አገር መኪና በቀኝ ነው የሚነዳው፤ ወደ ምሥራቅ ስትሄዱ ባሕሩም በቀኛችሁ ነው። ካራካስ ቤይ ድረስ መሄድም ይቻላል፣ እኛ ሄደናል፤ ግን መንገዱ መኪና ይበዛበታል። ለአንቺ አልመክርም። ማምቦ ላይ ዋኝታችሁ ተመለሱ።

አደባባዮቹ ላይ ተጠንቀቂ። ብዙ ናቸው፣ መኪናውም ይፈጥናል። እኔ ካልመሰለኝ ወርጄ በእግሬ እሻገራለሁ፤ ማንም አልሳቀብኝም። በኅዳር ካፊያ ጥሎብን ነበር። ብዙ ቀን ደርቆ የከረመ አስፋልት ሲረጥብ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ዝናብ ከመጣ ቁሙ፤ ቶሎ ያልፋል።

ውሃ ይዛችሁ ውረዱ። የቧንቧው ውሃ ከባሕር ተጣርቶ የሚመጣ ነው፣ ይጠጣል። ለምሳ ፑንዳ ውስጥ ፕላሳ ቢው የሚባል የድሮ ገበያ አዳራሽ አለ። ሴቶቹ በትልልቅ ድስት ያበስላሉ። የፍየል ወጥ ከፉንቺ ጋር በላሁ፤ ፉንቺ ከበቆሎ ዱቄት የሚሠራ ጠጠር ያለ ገንፎ ነው። «ዳንኪ» ስትያቸው ደስ ይላቸዋል፤ በፓፒያሜንቱ፣ በአገሩ ቋንቋ፣ አመሰግናለሁ ማለት ነው።

ሳይክል ጠጋኙ

ጋሼ ጥሩ ብለዋል። እኔ የኤሌክትሪክ ሳይክል ጥገና ላይ ነው የምሠራው፤ ነፋሱ ባትሪውን ለምን እንደሚበላው ልጨምር።

በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እየነዱ 25 ኪሎ ሜትር ነፋስ ፊት ለፊት ቢመጣ፣ አየሩ የሚመታዎት በ45 ነው። የአየር ግፊት ደግሞ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ይሆናል። ሲመለሱ ያው ነፋስ ከእርስዎ ስለሚፈጥን ራሱ ይገፋዎታል።

ባትሪው ላይ ቮልትና አምፒር-ሰዓት ተጽፏል፤ ያባዟቸው። 36 ቮልትና 10 አምፒር-ሰዓት ከሆነ 360 ዋት-ሰዓት ነው። ሜዳ ላይ፣ ፔዳል እየመቱ፣ በመካከለኛ እገዛ (ሞተሩ የሚያግዝበት ደረጃ) አንድ ኪሎ ሜትር 12 ዋት-ሰዓት ያህል ይወስዳል እንበል፤ 30 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ነፋስ ፊት ለፊት ከሆነ ግን ርቀቱ በግማሽ ሊወርድ ይችላል። እንደ ሞተር ሳይክል በእጅ የሚጠመዘዝ ጋዝ ያላቸውም አሉ። ለመነሻና ለዳገት ጥሩ ነው፤ ሁልጊዜ ከተጠቀሙበት ግን ባትሪው ቶሎ ያልቃል።

ከመውሰድዎ በፊት ፍሬኑን በሁለቱም እጅ ይሞክሩ፣ ጎማውን በጣት ይጫኑ፣ ስክሪኑን አብርተው መስመሩን ይዩ። ጎደሎ ከሆነ «ሌላ ስጡኝ» ይበሉ። በስልክ ዙሪያውን ቪዲዮ ይቅረጹት። ከካርድዎ ላይ መያዣ ስለሚይዙ የድሮ ጭረት በእርስዎ እንዳይታሰብ።

ከባትሪው ይልቅ የምፈራልዎ እሾህ ነው። ደሴቷ ደረቅ ናት፣ ግራር አለባት። የግራር እሾህ ጎማ ሲበሳ እናውቀዋለን። ከአስፋልት አይውረዱ፣ ለፎቶም ቢሆን። ሳይክሉን ዛፍ ሥር አያቁሙ። ጎማ ቢተነፍስ የት እንደሚደውሉና መጥተው ይወስዷችሁ እንደሆነ ቀድመው ይጠይቁ። «አንመጣም» ካሉ ሌላ ቤት ይሂዱ፤ ርካሽ ቢሆኑም።

ባትሪውንም ፀሐይ ላይ አይተዉት። ማምቦ ስትዋኙ ጥላ ፈልጉለት፣ የግራር ባይሆን።

መንገደኛዋ

ጋሼ፣ ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። «ወደ ነፋሱ መጀመሪያ» የሚለውን ወረቀት ላይ ጽፎ ፓስፖርቱ ውስጥ ከተተው።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። ሚዛኔን የምጠብቅ አይመስለኝም፤ እዚያው ወደብ ላይ መለማመድ ይሻላል ወይስ ከመሄዴ በፊት? ሁለተኛው የሰዓቱ ነገር ነው። የመርከብ ሰዓትና የደሴት ሰዓት ይለያያል ይባላል። እውነት ነው?

መርከብ ላይ የሠራች

እህቴ፣ ሰዓቱን ለእኔ ተዪው። ክሩዝ ላይ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ከላይኛው ፎቅ ሆኜ መርከብ ያመለጣቸውን ሰዎች ሲሮጡ አይቻለሁ። ልብ ይሰብራል።

ኩራሳኦ ዓመቱን ሙሉ ሰዓቷን አትቀይርም። በየካቲት ከፍሎሪዳ 1 ሰዓት ትቀድማለች። መርከባችሁ ሰዓቷን ልትቀይርም ላትቀይርም ትችላለች፤ ውሳኔው የካፒቴኑ ነው። ስልክሽ ግን የደሴቷን ኔትወርክ ሲያገኝ ሳይጠይቅሽ ይቀየራል። ስለዚህ ስልክሽን አትመኚ። የእጅ ሰዓት እሰሪ፣ ከመውረድሽ በፊት መውጫው ላይ ካለው ሰዓት ጋር አስተካክዪ፣ ከዚያ አትንኪው።

መነሻው 11 ሰዓት ከሆነ የመግቢያው መጨረሻ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት በፊት ነው፤ የዕለቱ ወረቀት ላይ ተጽፎ ታገኚዋለሽ። እኔ ብሆን ሳይክሉን 8 ሰዓት ላይ እመልሳለሁ። የቀረውን ድልድዩ አጠገብ ተቀምጬ መርከብ ሲገባ አያለሁ።

ዶላር ይቀበላሉ። መልሱን ግን በአገሩ ገንዘብ በጊልደር ሊሰጡሽ ይችላሉ፤ 1 ዶላር 1.79 ጊልደር ነው። አነስ ያለ ዝርዝር ያዢ።

ጡረተኛው

ልምምዱ ከመሄድሽ በፊት ይሁን፣ እህቴ። ሰው የሌለበት ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ፈልጊ። ሁለት እሑድ ይበቃሻል። መቀመጫውን ዝቅ አድርጊው፤ ሁለቱም እግርሽ መሬት ይንካ። የኤሌክትሪኩ ሲነሳ ይፈናጠራል፤ እግርሽን ፔዳሉ ላይ ስታሳርፊ እጅሽ ፍሬኑ ላይ ይሁን። እገዛውን ከ1 ጀምሪ። ባለቤቴን እንዲህ ነው ያስለመድኳት፤ አሁን እኔን ትቀድመኛለች።

መንገደኛዋ

ከተመለስን አምስት ቀን ሆነን። እንዴት እንደነበር ልንገራችሁ።

ሦስት እሑድ ተለማመድኩ። ሳይክሎቹን የወሰድነው 3 ሰዓት ላይ ነው። የኔ 4 መስመር ስለነበር «ሌላ ስጡኝ» አልኩ፤ ልጁ ምንም ሳይል ቀየረልኝ። ሳልጠይቅ ቀርቼ ቢሆንስ እያልኩ ቀኑን ሙሉ ሳስብ ነበር።

ከፒተርማይ እንደወጣን ነፋሱ መጣ። ጋሼ፣ የነገሩን ሁሉ እውነት ነው። ኮፍያዬን ከሄልሜቱ ሥር ነጥቆ ወሰደው። እገዛውን 3 ላይ አድርጌ ቀስ እያልኩ ነዳሁ። ማምቦ ስንደርስ 3 መስመር ቀርቶኝ ነበር። ባለቤቴ ጉልበቱ ጭራሽ እንዳላመመው ሲነግረኝ ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ከአራት ዓመት በፊት ከተቀደደለት ወዲህ ሳይክል ላይ ወጥቶ አያውቅም ነበር። ውሃው ውስጥ አንድ ሰዓት ቆየን። ስንመለስ በእገዛ 1 መጣን፤ መስመሩ ሳይወርድ ፑንዳ ገባን። ጾሙ ስለገባ ፍየሉን ተውነው፣ ሐብሐብ ገዝተን ጥላ ሥር በላን። አደባባይ ላይ ሁለት ጊዜ ወርጄ በእግሬ ተሻገርኩ።

ሳይክሎቹን ልንመልስ ድልድዩ ላይ ስንገባ ደወል ተደወለ። ባለቤቴ ከፊት ነበር፤ ተሻግሮ ወጣ። እኔ መሐል ላይ ሳለሁ የድልድዩ መግቢያ በር ተዘጋ። ደነገጥኩ። አጠገቤ የቆሙ አንዲት አሮጊት በእጃቸው «ቁሚ፣ ምንም አይደለም» የሚል ምልክት አሳዩኝ። ላይ ያለ ሰው እንዲቆይ ይፈቀዳል ለካ። ድልድዩ እኔንና ሳይክሌን ይዞ ከከተማው ተለየ። ባለቤቴ ማዶ ቆሞ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጸኛል። አንድ ዕቃ ጫኝ መርከብ አጠገባችን አለፈ፤ ግድግዳው እጅ ቢዘረጉ የሚነካ ይመስል ነበር። ሰዓቴን አየሁ፤ በመርከቧ 8 ከ10 ነበር። አሮጊቷ «ቦን ታርዲ» አሉኝ፤ እንደምን ዋልሽ እንደ ማለት ነው። እኔም «ቦን ታርዲ» አልኩ፣ ድልድዩም ቀስ ብሎ ወደ ቦታው መመለስ ጀመረ።