ጡቴን ካስጨመርኩ 6 ቀኔ ነው፤ ልጄን መቼ ነው የማቅፋት?

ጥያቄ፦ የሚጡ እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ)

ሰላም እህቶች። ባለፈው ሐሙስ ጡቴን በኦፕሬሽን አስጨመርኩ። ሲሊኮን ነው፣ ከጡንቻ ስር ነው የገባው። ከባለቤቴ በስተቀር የሚያውቅ ሰው የለም። እናቴ አዲስ አበባ ናት፣ ለእሷም አልነገርኳትም። ስለዚህ የምጠይቀው ሰው አጣሁ።

ደረቴ ላይ ድንጋይ የተጫነብኝ ነው የሚመስለኝ። ጡቶቼ ወደ ላይ ተሰቅለዋል፣ ጠንካራ ናቸው። እንዲህ ሆነው ይቀራሉ ወይ? የ2 ዓመቷ ልጄ ደግሞ "እቀፊኝ" እያለች ታለቅሳለች። ትናንት አላስቻለኝም፣ አንዴ አነሳኋት። ከዛ ወዲህ ቀኙ ከግራው በለጠ። በጎኔ መተኛት ስለለመድኩ እንቅልፍም የለኝም። ሆዴ ከደረቀ 4 ቀኑ። ያለፋችሁበት ካላችሁ እባካችሁ።

መልስ፦ ከ3 ዓመት በፊት ያሠራሁ

እንኳን በሰላም ወጣሽ። ስለ ቅርጹ አይዞሽ። ከጡንቻ ስር ሲገባ ጡንቻው ተወጥሮ ወደ ላይ ይገፋዋል። ጡንቻው ሲላላ ይወርዳል። መልኩን እስኪይዝ ግን ከ3 እስከ 6 ወር ይፈጃል። እኔ በ2ኛው ሳምንት መስታወት ፊት ቆሜ "ምን ነካኝ?" ብዬ አልቅሻለሁ። ያኔ ይሄን የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ! አንዱ ከሌላው ቀድሞ ሊወርድም ይችላል። ጫፉ ቢደነዝዝ፣ አልፎ አልፎም እንደ ኤሌክትሪክ ውር ቢልሽ አትደንግጪ፣ ነርቩ እያገገመ ነው።

ለእንቅልፍ ትራስ ደርቢና ከወገብሽ በላይ ቀና ብለሽ በጀርባሽ ተኚ። ከጉልበትሽ ስር አንድ ትራስ፣ በሁለቱም ጎንሽ ደግሞ አንድ አንድ፣ እንዳትገለበጪ። እኔ 3 ሳምንት ያደርኩት በሚዘረጋ ሶፋ ላይ ነው። ስትነሺ በእጅሽ አትግፊ፤ ባለቤትሽ ከጀርባሽ ደግፎ ያንሳሽ። የሰጡሽን ጡት መያዣ ቀንም ሌሊትም አድርጊው። ሽቦ ያለውን ሐኪምሽ እስኪፈቅድ እርሺው።

መልስ፦ ነርስ ነኝ (ሚኒሶታ)

እህቴ፣ "ከዛ ወዲህ ቀኙ በለጠ" ያልሽውን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። ትንሽ መበላለጥ ያለ ነው። ልጅ ካነሳሽ በኋላ ከመጣ ግን ውስጥ ደም ፈሶ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ነው፣ ዘግይቶም ግን ይመጣል። እስከ ነገ አትጠብቂ። አሁኑኑ ለቀዶ ሐኪምሽ ደውዪ፤ ቢሮው ቢዘጋም ተረኛ ጠይቂ። ካላገኘሻቸው ወይም እያየሽው በፍጥነት እያበጠና እየጠነከረ ከሄደ ኢመርጀንሲ ግቢ።

ትኩሳትሽ 100.4 (በሴልሺየስ 38) ከደረሰ፣ ቅላቱ እየሰፋ ከሄደ ወይም ከስፌቱ መግል ከወጣም በዚያው ቀን ይደወላል። ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም ደረትሽን ድንገት ከወጋሽ ወደ 911 (ድንገተኛ እርዳታ) ነው የሚደወለው። አንድ ባትሽ ብቻ ካበጠና ካመመሽም ቸል አትበዪ፤ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል። በየቀኑ ቤት ውስጥ ቀስ ብለሽ ደጋግመሽ ተራመጂ የምንለው ለዚህ ነው።

ስለ መድኃኒቱም ልንገርሽ። የታዘዘልሽ ማስታገሻ ፐርኮሴት ከሆነ፣ ውስጡ ታይሌኖል (ፓራሲታሞል) አለበት። ሌላ ታይሌኖል ከደረብሽበት ጉበትሽን ትጎጂያለሽ። አድቪል (አይቡፕሮፌን) እና አስፕሪን ሐኪምሽ ሳይፈቅድ አይወሰዱም። ፐርኮሴት እየወሰድሽ መኪና አትንጂ። ሆድሽንም ያደረቀው እሱ ሳይሆን አይቀርም። ስትደውዪ ማለስለሻ ጠይቂ።

መልስ፦ የ4 ልጆች እናት (ዳላስ)

ልጄ፣ መጀመሪያ ደውዪ፣ ነርሷ እውነቷን ነው።

ውኃ አብዝተሽ ጠጪ። ተልባ በብዙ ውኃ በጥብጠሽ ሞክሪ፣ እኔን ረድቶኛል። ምስርና ሽሮ ብዪ፣ ካልጾምሽ እንቁላልም፤ ቁስል ያለ ፕሮቲን አይጠግግም። ስፌቱ ላይ ግን ፌጦም ማርም ቅቤም እንዳታደርጊ! ወይባ ጢስም አሁን አይሞከርም። ሺሻ የሚጨስበት ቤት አትግቢ፣ ኒኮቲን የደም ሥርን ያጠብብና ቁስሉን ያዘገየዋል።

ሚጡን አታንሻት። አንድ ጋሎን ወተት እንኳን ወደ 9 ፓውንድ ይጠጋል፣ የ2 ዓመት ልጅ የዚያን 3 እጥፍ ናት። ሶፋ ላይ ተቀመጪ፣ ደረትሽ ላይ ትራስ አድርጊ፣ አባቷ አጠገብሽ ያስቀምጣት። እሷ የምትፈልገው ሽታሽን ነው። ሌላው፣ እናትሽ ባትሰማ እንኳ አንዲት የቅርብ ጓደኛ ትወቅ። ባለቤትሽ ሥራ ላይ እያለ አንድ ነገር ብትሆኚ ማን ይደርስልሻል?

የሚጡ እናት፦

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ማታውኑ ደወልኩ፣ ጠዋት አዩኝ። በአልትራሳውንድ ሲያዩት ደም የለም። እብጠት ነው አሉኝ፤ ቀኝ እጄን ስለማበዛ ነው። ልጅ ማንሳት ለ6 ሳምንት ተከልክያለሁ። ማለስለሻም ሰጡኝ። ጎረቤቴ ላለች ጓደኛዬ ነገርኳት፣ ሳትፈርድብኝ መጥታ ልብሴን አጠበችልኝ። እንጀራስ መቼ ነው የምጋግረው?

መልስ፦ ነርስ ነኝ (ሚኒሶታ)

ተመስገን! ማታውኑ መደወልሽ ደስ ብሎኛል። ሊጥ ማቡካትና ምጣድ ማንሳት የደረት ጡንቻ ሥራ ነው። 6 ሳምንቱ እስኪሞላና ሐኪምሽ እሺ እስኪልሽ ከሱቅ ግዢ፣ ከላይ ቁም ሳጥንም እቃ አታውርጂ።

የኢምፕላንቱን (ጡትሽ ውስጥ የገባው ሲሊኮን) ካርድ ከፓስፖርትሽ ጋር አስቀምጪ። ኢምፕላንት ዕድሜ ልክ አይቆይም፣ ሲሊኮን ደግሞ ሳይታወቅሽ ሊቀደድ ይችላል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ምንም ሳያምሽ እንኳ ከ5 እስከ 6 ዓመት ሲሞላው በአልትራሳውንድ ወይም በኤምአርአይ እንዲታይ፣ ከዚያም በየ2 ወይም 3 ዓመቱ እንዲደገም ይመክራል። ማሞግራም (የጡት ራጅ) ስትሄጂም ኢምፕላንት እንዳለሽ ቀድመሽ ንገሪያቸው።

መልስ፦ የ4 ልጆች እናት (ዳላስ)

ሚጡስ ትራሱን ተቀበለችው?

የሚጡ እናት፦

አዎ እማዬ። ትራሱ ላይ ተደግፋ ተኛች።