ግጥም ይዞ ለሚመጣ ተማሪ ረዳቶቻችን ምን ያድርጉ?

ጠያቂ፦ አስተባባሪዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ወሎ ውስጥ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ የጽሑፍ እገዛ ማዕከል አስተባብራለሁ። ረዳቶቻችን ከ3ኛ ዓመት በላይ ያሉ ተማሪዎች ናቸው። ሪፖርትና የመመረቂያ ጽሑፍ ሲመጣላቸው አይቸገሩም፣ ሠልጥነውበታል። ግጥም ሲመጣ ግን አንዱ «ቆንጆ ነው፣ በርታ» ብሎ ይሸኛል፣ ሌላው ቀይ እስክሪብቶ አንስቶ እንደ ሪፖርት ያርመዋል።

በቅርቡ አንድ የ2ኛ ዓመት ልጅ ይህን ይዞ መጣ (ጦሳ የደሴ ተራራ ነው)፦

እናቴ ጠበቀች ከደጁ ላይ ቆማ፣
ጦሳ ጉሙን ለቆ ሸፈነው ከተማ።

ረዳቱ «ግሱ መጨረሻ ይምጣ፣ ከተማም ተሳቢ ስለሆነ ‹ከተማውን› ይባል» አለና እንዲህ አደረገው፦ «እናቴ ከደጁ ላይ ቆማ ጠበቀች። ጦሳ ጉሙን ለቆ ከተማውን ሸፈነው።» ሰዋስዉ ልክ ነው፣ ግጥሙ ግን የለም። ልጁ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ። ኋላ ፈልጌ አገኘሁትና ይቅርታ ጠየቅሁት፤ እዚህ እንዳቀርበውም የፈቀደልኝ ያኔ ነው።

ለሥልጠና ሁለት ከሰዓት ብቻ ነው ያለኝ። ምን ላስተምራቸው? ረዳቱ ክፉ ልጅ አይደለም፣ የተማረውን ነው ያደረገው።

የስንኝ ዘመድ

እህቴ፣ ሥነ ግጥም አስተምራለሁ። ያቺ ሁለት ስንኝ ራሷ ሥልጠና ትሆንሻለች፤ ሌላ ምሳሌ አትፈልጊ።

በመጀመሪያ በጆሮ አስቆጥሪያቸው። የአማርኛ ግጥም የሚቆጠረው በፊደል ሳይሆን በቀለም፣ ማለትም ሲነበብ አንድ ላይ በሚወጣው ድምፅ ነው። «እናቴ ጠበቀች» ብለሽ ፊደሉን ብትቆጥሪ 7 ነው፣ ስታነቢው ግን 6 ቀለም ነው፤ ሳድሱ ች ከቀ ጋር ተጣብቆ አንድ ይሆናልና። «ከደጁ ላይ ቆማ» ላይም ይ ወደ ላ ይገባል፣ እሱም 6። ሁለተኛውም ስንኝ እንዲሁ 6 እና 6 ነው። ይህ ወል ቤት የምንለው ምጣኔ ነው። ልጁ ስሙን ባያውቀው እንኳ ጆሮው ያውቀዋል፤ ከለቅሶውም ከሠርጉም የሰማው ነው። ረዳቱ «ከተማውን ሸፈነው» ሲል 7 ቀለም አደረገው፣ በስንኞቹ መጨረሻ ማ እና ማ ተናበው የመቱትን ቤትም በች እና በው ተካው። ምጣኔውም ቤቱም በአንድ እርማት ሄዱ።

ሌሎቹንም ምጣኔዎች በአፋቸው ይሞክሯቸው፦ ቡሄ በሉ 4 እና 4፣ ሰንጎ መገን 5 እና 5፣ ጸጋዬ ቤት 8 እና 8። በጭብጨባ ቢሆን 20 ደቂቃ አይፈጅም። ግን ይህን ከተማሩ በኋላ ሌላ በሽታ እንዳይዛቸው ተጠንቀቂ። ምጣኔ የሰበረውን ሁሉ «ተሳስተሃል» እንዳይሉት፣ «እዚህ ጋ ጆሮዬ ተደናቀፈ፣ ፈልገኸው ነው?» ብለው ይጠይቁት። አንዳንዱ ፈልጎ ነው የሚሰብረው።

ከላስታ

በልጅነቴ ቅኔ ቤት ነበርኩ። እኛ ዘንድ ተማሪ ብቻውን ወጣ ብሎ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ከዚያ መጥቶ ለመምህሩ በቃሉ ይነግራል። መምህሩ በጆሮው ነው የሚሰማው፣ የሚያርመውም ከሰማ በኋላ ነው። የምትፈልጊው ነገር እዚሁ አገራችን ውስጥ ኖሯል ማለቴ ነው።

ስለዚህ ወረቀቱን ረዳቱ አይቀበል። ባለቤቱ ራሱ ጮክ ብሎ ያንብበው። ይህ ለአማርኛ የግድ ነው፣ ጽሕፈታችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይምና። «ገና» ላልቶ ሲነበብ ያልደረሰውን ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ በዓሉን። ልጁ ሰምና ወርቅ አስቦበት ከሆነ፣ ረዳቱ በዓይኑ ብቻ ቢያነብ ወርቁን ሳያየው ያልፋል።

ከወልድያ

እኔ አልስማማም። ግጥም ተሰጥኦ ነው፣ ረዳት ምን ይጨምርለታል? ወደ ሥነ ጽሑፍ መምህሩ ላኩት፣ ይብቃ።

የስንኝ ዘመድ

ወንድሜ፣ ተሰጥኦውን አንሰጥም፣ ትክክል ነህ። ረዳቱ ግን ያነበበውን መልሶ መንገር ይችላል፦ «እኔ የገባኝ እናቲቱ ልጇን ጠብቃ ጉሙ መንገዱን እንደጋረደባት ነው፤ እንዲያ ነው?» ገጣሚው ያሰበውና አንባቢው የሰማው ሲለያዩ ብቻውን አያገኘውም። ወደ መምህሩ መላክ ጥሩ ነው፣ ግን ብዙው ልጅ ማርክ የሚሰጠው ሰው ፊት ልቡን አይዘረጋም።

ተማሪዋ

እትዬ፣ እኔም ሌላ ቦታ ሆኜ ደርሶብኛል። ለአክስቴ የጻፍኩት ግጥም ነበር፣ በ2014ቱ ጦርነት ልጇን ላጣችው። እያንዳንዱ አንጓ «አብሽሪ» ብሎ ነበር የሚያልቀው። ረዳቷ «ቃሉ ተደጋግሟል» ብላ አምስቱን ወደ አንድ አወረደችው። እኔ መንዙማ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። መንዙማ ሲባል አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ሰው አዝማቹን ይቀበላል፤ ሰዉን አንድ የሚያደርገው የሚደጋገመው ነው። የኔም «አብሽሪ» አዝማች ነበር። «ለምን ደጋገምሽው?» ብላ ብትጠይቀኝ ኖሮ እነግራት ነበር። እባክዎ ያን ጥያቄ ያስተምሯቸው።

አማካሪው

አብሽሪ እህቴ፣ አክስትሽንም አላህ ያጽናት። አስተባባሪዋ፣ ከላይ እንዳየሽው ብዙ ግጥም ሐዘን ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ረዳቶችሽ ስለ ምጣኔው ከማውራታቸው በፊት «ይህን ስላሳየኸኝ አመሰግናለሁ፤ ዛሬ ስለ ግጥሙ እናውራ ወይስ ስለሆነው ነገር?» ማለት ይልመዱ። ልጁ ራሱን ስለ መጉዳት ከጻፈ ግን ግጥም ነው ብለው አይለፉት። ዕለቱን ወደ ተማሪዎች ምክር አገልግሎት አብረውት ይሂዱ። ከዚያ ውጭ የሰው ግጥም ከክፍሉ አይወጣም።

የእንግሊዝኛ ክፍል

አጭር ነገር። በእንግሊዝኛ የሚጽፉም ይመጣሉ። የእንግሊዝኛው የተለመደ ምጣኔ ከቀለም ቁጥር ይልቅ በጉልህና በደካማ ድምፅ መፈራረቅ ላይ ይቆማል። ልጆቻችን ቀለሙን አስተካክለው «ለምን አይፈስልኝም?» የሚሉት ለዚህ ነው። ደግሞ ለክፍል የተሰጠ ከሆነ የመምህሩን ትእዛዝ መጀመሪያ ይዩት፤ 14 መስመር ተብሎ ከታዘዘ 12 መስመር ውብ ቢሆንም ማርክ አያመጣም።

አስተባባሪዋ

እግዜር ይስጥልኝ። በመጀመሪያው ከሰዓት እስክሪብቶ አይገባም። ረዳቶቹ እያጨበጨቡ ቀለም ይቆጥራሉ፣ ከዚያ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን አራት ስንኝ ጽፈው ለጓደኛቸው ያነብባሉ። የራስ ግጥም ሰው ፊት ሲነበብ ምን እንደሚሰማ ሳያውቁ የሌላውን እንዲነኩ አልፈልግም። በሁለተኛው ከሰዓት ሁለት ሁለት ሆነው ልምምድ፣ በጥያቄ ብቻ፦ ለማን ነው የጻፍከው? የቱ ስንኝ አልታዘዝ አለህ? ይህን ለምን ደጋገምከው? አማካሪው ያሉትን ለብቻው ግማሽ ሰዓት እሰጠዋለሁ።

ከወልድያ የጻፍክልኝ፣ ጥርጣሬህን ለረዳቶቹ አነብላቸዋለሁ፤ እነሱም ያስባሉና።

ተማሪዋ፣ የአዝማቹን ነገር መንዙማ የሚያውቅ ሰው መጥቶ ቢያሳያቸው ደስ ይለኛል። ደሴና ኮምቦልቻ አካባቢ ፈቃደኛ የሆነ የምታውቁ እዚሁ ጻፉልኝ።

የጦሳው ልጅም እሺ ብሎኛል። ግጥሙን እንደ መጀመሪያው አድርጎ ያነባል፣ ያረመው ረዳት ደግሞ ከፊቱ ተቀምጦ ይሰማል።