ብርዱ መጣ፦ ቡናዬንና ቦንሳዮቼን መቼ ላስገባ?

አሥራ አንድ ፍሬ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ፣ ትንሽ ብዘገይም።

ትናንት ሌሊት እዚህ 52 ፋራናይት ወረደ። ጠዋት በረንዳ ብወጣ ቡናዬ ቅጠሉን ወደ ታች ጥሎ እንደ ተቀጣ ተማሪ ቆሟል። ደነገጥኩ። ስለዚህ የምታውቁ ሰዎች እርዱኝ።

ያሉኝ ሦስት ናቸው። አንደኛው ይሄ ቡና ነው። ከአምስት ዓመት በፊት ጎረቤቴ በእርጎ ዕቃ ተክላ የሰጠችኝ፣ ሁለት ቅጠል ብቻ ያላት ችግኝ ነበረች። አሁን ወገቤ ደርሷል። ዘንድሮ የካቲት ላይ ሳሎን ውስጥ እያለ አበበልኝ። አበባው ነጭ ነው፣ ሽታው ቤቱን ሞላው። አሁን 11 ፍሬ ይዟል። ሁለቱ መቅላት ጀምረዋል። በየቀኑ ነው የምቆጥራቸው። እናቴ በስልክ ስነግራት «ለአንድ ስኒ እንኳን አይበቃም እኮ» ብላ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው። ግን 11 ናቸው።

ሁለተኛው ፋይከስ ቦንሳይ ነው (ቦንሳይ ማለት ሳህን ውስጥ እንዲያጥር ተደርጎ የሚያድግ ዛፍ ነው)። ግንዱ የተጠማዘዘ፣ ከላይ አፈሩ ላይ ጠጠር በማጣበቂያ የተለጠፈበት። ከአንድ ትልቅ መደብር ነው የገዛሁት።

ሦስተኛዋ ትንሽ ጽድ ናት፣ እሷም ቦንሳይ። ገና አዲስ ናት። የፊተኛዋን ገድያታለሁና ታሪኩን ልንገራችሁ። አምና ስገዛት ሻጩ «የቤት ውስጥ ተክል ነው፣ አትጨነቂ» አለኝ። ኖቬምበር ላይ ብርዱ ሲጠና አሳዘነችኝና አስገባኋት። ከሂተሩ አጠገብ ያለ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኳት። እንዲሞቃት ነው እንግዲህ። በየሁለት ቀኑ ውሃ በስኒ። እስከ ገና ድረስ አረንጓዴ ነበረች፣ ምንም አልጠረጠርኩም። የገና ዋዜማ ቤት ሳጸዳ እጄ ነካ ሲያደርጋት ቅጠሏ እንደ ደረቀ ጤፍ ገለባ መደርደሪያው ላይ ፈሰሰ። ግንዷን በጥፍሬ ፋቅ አደረግኩት። ውስጡ ቡናማና ደረቅ ነው። ስንት ጊዜ ለሬሳ ውሃ ሳጠጣ እንደከረምኩ እግዜር ነው የሚያውቀው።

አሁን ጥያቄዬ፦ ሦስቱንም መቼ ላስገባ? ጽዷንስ ዘንድሮ ከሂተር ባርቃት ትተርፋለች? ሌላው፣ ፀሐይ የሚገባበት መስኮቴ ረከቦቱ ያለበት ነው። ቅዳሜና እሑድ ዕጣን አጨሳለሁ። ተክሎቹን ይጎዳቸዋል?

---

ዋርካ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

እህቴ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን። ቦንሳይ ከያዝኩ 20 ዓመት አልፎኛል፣ ስለዚህ ትንሽ ላስረዝም ነው። ሻይሽን ይዘሽ ተቀመጪ።

መጀመሪያ ስለ ሟቿ። አምና ጽድሽ የሞተችው ከሂተሩ ስለቀረበች ብቻ አይደለም፣ ስለገባች ነው። ጽድ የብርድ አገር ዛፍ ናት። ቀኑ ሲያጥር፣ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ትተኛለች፣ ያንን እንቅልፍ ካጣች ትደክማለች። ቤት ውስጥ ደግሞ ብርሃኑ አይበቃትም፣ የሂተሩ አየር ከቅጠሏ እርጥበቱን ይመጥጣል። አረንጓዴነቷ አያታልልሽ፣ ጽድ ከሞተች በኋላም ለሳምንታት ቀለሟን አትለቅም። ምናልባት ገና ታኅሣሥ ሳይገባ ሄዳ ይሆናል። ራስሽን አትውቀሺ፣ ያ ሻጭ ነው መወቀስ ያለበት። እኔም የመጀመሪያዬን እንደዚሁ ነው የቀበርኩት።

የኛን አገር ጽድ አስቢ። መናገሻ ሱባ ጫካ ሄደሽ ታውቂያለሽ? በኅዳር ሌሊት እዚያ ምን ያህል እንደሚበርድ ያደረበት ያውቃል። ጽዱ ግን ቆሟል። የያዝሻት የእስያ ዘመዱ ናት፣ ብርድ የምትችለው ደግሞ ከሱም ይብሳል።

ስለዚህ ዘንድሮ ውጭ ትደር። ነገር ግን የበረንዳው አጥር ላይ ሰቅለሽ አትተያት። ቦንሳይ ላይ ብርድ የሚጎዳው ሥሩን ነው። መሬት ውስጥ ያለ ሥር አፈሩ ይሸፍነዋል፣ ጠባብ ሳህን ውስጥ ያለው ግን በአራቱም በኩል ይመታል። መሬት ላይ አውርጃት፣ ነፋስ ከማይመታው ግድግዳ ሥር። ጓሮ ካለሽ ሳህኗን እስከ አፉ ቅበሪያት፣ ከሌለሽ ዙሪያዋን በደረቅ ቅጠል ወይም በእንጨት ፍቅፋቂ ሙይው። በረዶ ቢወርድባት አትጥረጊው፣ ብርድ ልብስ ነው። የሚገድላት ደረቅ ነፋስና ደረቅ አፈር ነው። ጃንዋሪም ቢሆን አፈሩ ካልረጋና ከደረቀ አጠጪያት። እኔ የጃፓን ሜፕልም አለኝ። ቅጠሏን ጥላ ራቁቷን ትቆማለች፣ ባለቤቴ በየዓመቱ «ይቺ ዘንድሮስ ሞተች» ትለኛለች። ኤፕሪል ላይ ቀይ ቅጠል ታወጣለች።

ካላመንሽኝ ቅርብሽ ነውና ዋሽንግተን ዲሲ ያለው ናሽናል አርቦሬተም ሂጂ። የቦንሳይና የፔንጂንግ (የቻይናው ቦንሳይ መሰል ጥበብ) ሙዚየም አለው፣ መግቢያ አይከፈልም። በ1976 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ጃፓኖች ለአሜሪካ 200ኛ ዓመት ከሰጧቸው 53 ቦንሳዮች አንዱ የያማኪ ጥድ (ፓይን) ይባላል። ከ1625 ጀምሮ በሰው እጅ ያለ ዛፍ ነው። በ1945 ሂሮሺማ ላይ ቦምቡ ሲወድቅ ከቦታው 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ግቢ ውስጥ በግድግዳ ተከልሎ ነበር፣ ተረፈ። ሰጪው ቤተሰብ ይህን ሳይናገር ነው የሰጠው። ታሪኩ የታወቀው በ2001 የልጅ ልጆቹ ሊያዩት ሲመጡ ነው። ያን ዛፍ ማንም ሳሎን አያስገባውም። እኔ ፊቱ ስቆም ሁልጊዜ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

አሁን ወደሚገቡት። ቡናና ፋይከስ ሌላ ዓለም ናቸው፣ ለነሱ ውርጭ ማለት ሞት ነው። ሌሊቱ በተከታታይ ከ55 ፋራናይት መውረድ ሲጀምር አስገቢ፣ 50 እስኪሆን አትጠብቂ። የትናንቱ 52 አልገደለውም፣ አኩርፎ ነው። እኔ ቀኑን የምይዘው በመስቀል ነው። ደመራው ሲነድ ቡናዬ ቤት ገብቷል። ሂተር ሳይበራ በፊት ማስገባቱም ይጠቅማል፣ የቤቱን አየር ቀስ ብለው ይለምዱታል። ከውጭ ብርድ በቀጥታ ወደ ሂተር ሙቀት ከገቡ ቅጠል ያራግፋሉ።

ሳታስገቢ ግን እጠቢያቸው። ይህን ዝለይ የሚልሽ ሰው አትስሚ። ቅጠሉን ገልብጠሽ፣ ከሥሩ በኩል፣ በደንብ በውሃ። ክሽክሽ አለ፣ ድር የምታደራ ጥቃቅን ሸረሪት አለች፣ ደግሞ ግንዱ ላይ እንደ ቡናማ ቅርፊት ተለጥፋ የምትቀመጥ ነፍሳት አለች። ሰው የዛፉ አካል ትመስለዋለች። በጥፍርሽ ስትነኪያት ከተነሳች እሷው ናት። ጥጥ በአልኮል ነክረሽ ጥረጊያት፣ በሳምንቱ ድገሚ። ከዚያ ሳህኑን ከነአፈሩ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ 15 ደቂቃ ንከሪው፣ ጉንዳን ካለ ይወጣል።

ፋይከሱ ላይ የተለጠፈውን ጠጠር ዛሬውኑ ንቀይው። ውሃ አያሳልፍም፣ ላዩን እየሮጠ ይፈሳል፣ አንቺ ያጠጣሽ ይመስልሻል። ቅርጽ ለማስያዝ የተጠመጠመ ሽቦ ካለበትም እዪው፣ ግንዱን መብላት ከጀመረ በመቁረጫ ቁረጪው እንጂ አትፍቺው። ከገባ በኋላ ቅጠል ሊያረግፍ ይችላል። ፋይከስ ቦታ ሲቀይሩት ያለቅሳል። ያን ጊዜ ደንግጠሽ ውሃ አታብዢበት። ብርሃን ሲቀንስ የሚጠጣውም ይቀንሳል። መፋቂያ አፈሩ ውስጥ ሰክተሽ አቆይው። ሲወጣ እርጥብ ከሆነ ተይው፣ ደረቅ ከሆነ እስኪንጠባጠብ አጠጪው። በቀን መቁጠሪያ ውሃ የሚያጠጣ ሰው ዊንተር ላይ ሥር ያበሰብሳል።

ዕጣኑ አይገድላቸውም። ጭሱ ግን ቅጠሉ ላይ ይቀመጣል፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊላቸው። የቡና ሥነ ሥርዓት አጠገብ ቡና ማቆምሽን ወድጄዋለሁ፣ ወንድሞቹ ሲቆሉ ባያይ ግን ይሻለው ነበር።

---

የሰሜን ኮከብ (ሚኒያፖሊስ)

ጋሽ ዋርካ ሁሉንም ብለውታል፣ ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር።

እርጥበት። እዚህ ሂተሩ ስድስት ወር ይነዳል፣ የኔ ቡና ጫፍ ጫፉ ቡናማ እየሆነ እንደ ተቃጠለ ወረቀት ይሆን ነበር። መርጨት ሞከርኩ፣ በአሥር ደቂቃ ይደርቃል። ያዳነው ሰፋ ያለ ሳህን ላይ ጠጠር አድርጌ፣ ውሃ ሞልቼ፣ ፖቱን ከላይ ማስቀመጤ ነው። የፖቱ ቂጥ ውሃውን እንዳይነካ። ከሂተሩ አፍም አርቂው።

ብርሃን። መስኮትሽ ወደ ደቡብ ካየ ይበቃሽ ይሆናል። የኔ ወደ ሰሜን ነው የሚያየው፣ ስለዚህ የኤልኢዲ መብራት በቀን 12 ሰዓት በታይመር አበራለሁ። ጎረቤቶቼ ሌላ ነገር የማበቅል ይመስላቸዋል። አንዱ አሳንሰር ውስጥ በምልክት ጠይቆኛል። ቡና ነው ብለው አላመነኝም።

ጽድ በተመለከተ እኔ አገር ለብቻዋ ውጭ አትተዋትም፣ እዚህ ከዜሮ በታች 20 ፋራናይት ይመጣል። ሂተር የሌለው ጋራዥ ውስጥ ነው የማከርማቸው። ሜሪላንድ ግን የጋሽ ዋርካ ይበቃሻል።

---

ሳሪስ (አዲስ አበባ)

ተክል ከብርድ አድኖ ቤት ማስገባት! እኛ ዘንድ ዝናብ ሲመታው አውጥተን ነው የምናጥበው። 😂

ግን ቁም ነገር፦ ጋሽ ዋርካ፣ እርስዎ «ዊንተር» ያሉትን «ክረምት» ብለው ቢጽፉት ኖሮ እኔ ሐምሌን አስቤ ጽዷን ከጎርፍ ልከልል ነበር። ደግሞ ፋይከስ ያላችሁት የዋርካና የሾላ ዘመድ አይደለም እንዴ? አያቴ ግቢ ያለው ሾላ ሥር ሠርግ ተደግሷል። እናንተ ሳህን ላይ ተክላችሁ በመፋቂያ ታጠጣላችሁ።

---

ዋርካ

ልክ ነህ፣ ዘመዱ ነው። ሲቆረጥ ነጭ ወተት ማውጣቱ ራሱ ከሾላ ጋር አንድ ነው። ስሜንም ከዚያ ነው ያወጣሁት። እዚህ አገር ዋርካ ጥላ ሥር መቀመጥ ስላልቻልኩ ዋርካውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥኩት።

እህቴ፣ አንድ የረሳሁት። በዚህ ወቅት ጽዷን አትከርክሚያት፣ ሳህንም አትቀይሪላት። እሱ ለፀደይ ይቆይ። ቡናውንና ፋይከሱን የምታወጪው ደግሞ ሜይ ላይ፣ የእናቶች ቀን ካለፈ በኋላ ነው። ስታወጪ መጀመሪያ ጥላ ሥር ይሁን። ቡና በተፈጥሮው ከፋና ጅማ ትልልቅ ዛፍ ሥር ነው የሚኖረው፣ በቀጥታ ፀሐይ ላይ ብታቆሚው በሦስት ቀን ቅጠሉ ይነጣል።

---

አሥራ አንድ ፍሬ

ጋሽ ዋርካ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁሉንም አድርጌያለሁ። ሪፖርት ላቅርብ።

ቅዳሜ መታጠቢያ ቤቱን የተክል ክሊኒክ አደረግኩት። ፋይከሱ ላይ ያለውን ጠጠር በቢላዋ ጀርባ ነቀልኩት፣ እንደ ብስኩት ተሰብሮ ተነሳ። ከሥሩ ያለው አፈር እንደ ዱቄት ደረቅ ነበር! በየሁለት ቀኑ አጠጣው የነበረውን ማለቴ ነው። ገንዳ ውስጥ ስነክረው ለአምስት ደቂቃ አረፋ ሲያወጣ ቆየ።

ያቺን ቅርፊት መሳይም አገኘኋት። ቡናው ላይ፣ የቅጠሉ መሐል ጅማት ላይ ተሰልፈው። አራት ዓመት የቡና ጠባይ ነው ብዬ የተውኩትን! 23 ነቀልኩ። ልጄ ጥጡን ይዞልኝ ነበር፣ እሱ ነው የቆጠረው፣ ከኔ ወርሶ ነው።

ጽዷን ከጓሮ በር አጠገብ፣ ግድግዳው ጥግ፣ መሬት ውስጥ ቀበርኳት። ባለቤቴ በመስኮት አይቶ «ይቺንም ገደልሻት?» አለኝ። ገና ነው አልኩት። ማታ ማታ ግን ሆዴ አይችልም፣ ጋቢ ላለብሳት ይቃጣኛል። አላደረግኩም።

መጥፎው ዜና፦ ቡናውን ከበረንዳ ስናስገባ ባለቤቴ በሩን ቶሎ ለቀቀውና አንዱን ቅርንጫፍ መታው። አንድ ፍሬ ረገፈ። ከቀዮቹ አንዱ። ላጥኩትና ቀመስኩት፣ ሥጋው ቀጭን ነው፣ ይጣፍጣል። ውስጡ ያሉትን ሁለት ፍሬዎች በእርጎ ዕቃ ተክያቸዋለሁ። እናቴ ሌላ ቀን ትሰማዋለች።

---

ሳሪስ

እንግዲህ ስምሽን ቀይሪያ።