እናቴ ሜቶትሬክሴትና ፎሊክ አሲድ አብራ ትወስዳለች፤ አይጣሉም ወይ?

የደሴ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ እጇን ያማታል። ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ ይደርቁና ጀበና ማንሳት እንኳን ያቅታታል። ቁርጥማት ነው ተብሎ ያልተቀባችው ቅባት የለም። በመጨረሻ ሐኪሙ ሩማቶይድ አርትራይተስ ነው አለና ሜቶትሬክሴት የሚባል ትንንሽ ቢጫ ክኒን አዘዘላት። ባለ 2.5 ሚሊግራሙን ስድስት ፍሬ፣ ሰኞ ሰኞ ብቻ። ሐሙስ ደግሞ ፎሊክ አሲድ። ከረጢቱ ላይ «ሰኞ ብቻ» የሚለው በእስክሪብቶ ሁለቴ ተሰምሮበታል።

እኔም እንደልማዴ ኢንተርኔት ከፈትኩ። የካንሰር መድኃኒት ነው ይላል። ዲኤችኤፍአር የሚባል ጂን የሚያሠራውን ኢንዛይም ያግዳል፣ ያለዚያ ኢንዛይም ዲኤንኤ አይሠራም ይላል። የፎሊክ አሲድ ተቃራኒ ነውም ይላል። ታዲያ ሰኞ ከልክሎ ሐሙስ መስጠት ምን የሚሉት ሕክምና ነው? እማዬ ደግሞ ስለተሻላት «በየቀኑ ብወስደው ቶሎ ይለቀኝ ነበር» ማለት ጀምራለች። ትናንት ሽንቷን አቃጥሏት ሰፈር ካለ መድኃኒት ቤት ኮትሪሞክሳዞል ሰጥተዋታል፤ ገና አልጀመረችም። የምታውቁ እስቲ አስረዱኝ፣ በሰው ቋንቋ ግን።

ፋርማሲስቷ፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ኮትሪሞክሳዞሉን ከእጃቸው ውሰድ። አሁኑኑ። ለሐኪማቸው ደውልና ሌላ አንቲባዮቲክ ይቀይርላቸው። ምክንያቱን ቀጥዬ እነግርሃለሁ።

ያነበብከው ልክ ነው። ጂኑ 5ኛው ክሮሞዞም ላይ ነው። የሚሠራው ኢንዛይም ትንሽ ነው፣ 187 አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን ጡብ በለው) ብቻ። ሥራው ግን ትልቅ ነው። ሴል ከመከፋፈሉ በፊት ዲኤንኤውን በሙሉ ይገለብጣል። ከአራቱ የዲኤንኤ ፊደላት አንዱ ቲሚን ነው፤ ቲሚን ለመሥራት ደግሞ ፎሌት የሚባለው ቫይታሚን ያስፈልጋል፤ ፎሊክ አሲድ በክኒን የሚሰጠው ዓይነቱ ነው። ፎሌትን እንደ ጀሪካን አስበው። ለእያንዳንዱ ቲሚን የያዘውን ያራግፍና ባዶውን ይቀራል። ባዶውን ወደ ቧንቧው የሚመልሰው የዲኤችኤፍአር ኢንዛይም ነው። እሱ ከቆመ ባዶው ይከማቻል፣ ቲሚን ይጠፋል፣ ሴሉም መከፋፈል ያቅተዋል።

ሜቶትሬክሴት መልኩ ፎሌትን ይመስላል። ኢንዛይሙ ፎሌት መጣልኝ ብሎ ያስገባዋል፤ ከገባ በኋላ በቀላሉ አይለቅም። ለዚህ ነው ለካንሰር የዋለው። እ.ኤ.አ. በ1948 ቦስተን ላይ ሲድኒ ፋርበር የሜቶትሬክሴት የቅርብ ዘመድ የሆነውን አሚኖፕተሪን የደም ካንሰር ለያዛቸው 16 ሕፃናት ሰጥቶ፣ አሥሩ ለጊዜውም ቢሆን ተሻላቸው። ያኔ ለዚያ በሽታ ይህ ነው የሚባል መድኃኒት አልነበረም።

አሁን ወደ እናትህ። ስድስት ፍሬ ማለት 15 ሚሊግራም ነው፣ ያውም በሳምንት። ለካንሰር በግራም የሚሰጥበት ጊዜ አለ። በእንዲህ ያለ ትንሽ መጠን የመገጣጠሚያውን ብግነት የሚያበርደው በዋናነት በሌላ መንገድ ነው ተብሎ ይታሰባል፤ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ከሴል ውጭ እንዲበዛ ያደርጋል። ዲኤችኤፍአርን ማገዱ እዚህ ላይ ባብዛኛው የጎንዮሽ ጉዳት ያመጣል፦ የአፍ ቁስል፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉበት መቆጣት። ፎሊክ አሲዱ እሱን ያለዝባል፣ የመድኃኒቱን ጥቅም ግን እምብዛም አይነካም። ስለዚህ ሰኞና ሐሙስ አይጣሉም።

በየቀኑ የሚለውን ግን በቀልድም እንዳይሞክሩት። በሳምንት አንዴ ሲሆን ደም የሚሠራው መቅኒ ለማገገም ቀናት ያገኛል። በየቀኑ ሲሆን ነጭ የደም ሴል ያልቃል፣ አፍና አንጀት ይላጣል። በዚህ ስህተት ሰው ሞቷል፣ እዚህም እዚያም። ከተፈጠረ ደግሞ ተራው ፎሊክ አሲድ አያድንም፤ እሱ ራሱ ሥራ ላይ ለመዋል ዲኤችኤፍአርን ይፈልጋላ! ሆስፒታል የሚሰጠው ፎሊኒክ አሲድ ነው፤ የታገደውን ኢንዛይም አልፎ ይገባል።

ኮትሪሞክሳዞል ውስጥ ትራይሜቶፕሪም አለ። እሱም የሚያግደው ዲኤችኤፍአርን ነው፣ የባክቴሪያውን። ከሰው ይልቅ የባክቴሪያውን በብዙ ሺህ እጥፍ ይመርጣል፤ ለጤነኛ ሰው ችግር የለውም። ሜቶትሬክሴት ላይ ሲደረብ ግን በአንድ ኢንዛይም ላይ ሁለት ጠላት ይሆናል። በዚያ ላይ ሜቶትሬክሴቱ በኩላሊት እንዳይወጣ ያጓትተዋል። መድኃኒት ቤቱ «ሌላ ምን ትወስጃለሽ?» ብሎ ቢጠይቃቸው እኮ ያበቃ ነበር። ያናድዳል።

ላብ ቴክኒሻን ከአርባ ምንጭ፦
እህቴ ጥሩ አስረድታለች። የወባውን ልጨምር፣ የኛ አገር ታሪክ ስለሆነ። ፋንሲዳርን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ውስጡ ያለው ፓይሪሜታሚን የወባውን ጥገኛ ዲኤችኤፍአር ነበር የሚያግደው። እ.ኤ.አ. በ1998 ክሎሮኪን አልሠራ ሲል ኢትዮጵያ ፋልሲፓረም ለሚባለው የወባ ዓይነት ወደ ፋንሲዳር ዞረች። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ እሱም ከሽፎ ኮአርተም ተተካ። ጥገኛው ምን አደረገ መሰላችሁ? ኢንዛይሙ ላይ 108ኛዋን አሚኖ አሲድ ቀየረ፤ ከዚያ 51ኛዋንና 59ኛዋን ጨመረ። መድኃኒቱ መቀመጫ አጣ።

የካንሰር ሴል ብልጠት ደግሞ ሌላ ነው። ጂኑን ያባዛዋል። ይህንን እ.ኤ.አ. በ1978 የስታንፎርዱ ሮበርት ሺምኪና ባልደረቦቹ ሜቶትሬክሴት በለመዱ የአይጥ ሴሎች ላይ አሳዩ። መድኃኒቱ አንዱን ኢንዛይም ሲይዝ ሴሉ መቶ ይሠራል። እኔ ተማሪ እያለሁ ከሁሉ የገረመኝ ይኼ ነው።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
እኔም ተጠቃሚ ነኝ። አርብ ማታ እወስደዋለሁ፤ ቅዳሜ ቢደብተኝም ሥራ የለኝም። ስልኬ ላይ ማንቂያ አለ። ደሜንና ጉበቴን ሳያዩ መድኃኒቱን አያድሱልኝም፣ እናትህም ምርመራውን እንዳይተዉ። ልጅ መውለድ ለምታስቡ እህቶች፦ ቀደም ብሎ በሐኪም ምክር ማቆም ግድ ነው። ፅንስ ማለት እኮ ቀንና ሌሊት የሚከፋፈል ሴል ነው።

የደሴ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ደወልኩ፤ ሐኪሙ ደንግጦ አንቲባዮቲኩን ቀየረው። አንድ ነገር ብቻ፦ እማዬ ጿሚ ናት፣ ምግቧ ምስርና ጎመን ነው። ፎሌት አለበት ሲሉ ሰማሁ። ትተወው?

ፋርማሲስቷ፦
በፍጹም፣ ይብሉ። የምግብ ፎሌት ለዚህ መድኃኒት ችግር አይሆንም። አረቄና ጠጅ ግን ይቅር፣ ጉበታቸው ስለሚጎዳ። ዲክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻም ሐኪሙን ሳትጠይቅ እንዳትገዛላቸው። ትኩሳት፣ የአፍ ቁስል፣ ደረቅ ሳልና ትንፋሽ ማጠር፣ ወይም ሰውነታቸው ላይ ያለ ምክንያት የሚበልዝ ነገር ካየህ ቀጣዩን ሰኞ ሳትጠብቅ ሆስፒታል ውሰዳቸው። ክኒኑን የሚቆጥርላቸውም አንተ ሁን።