ያገለገለ ስፖርት ሞተር ልገዛ ነው፤ መሪው ግን መሃል ላይ ይይዛል

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። ደብረ ማርቆስ የሚሸጥ ካዋሳኪ ኒንጃ 250 አግኝቻለሁ፤ በፈረንጅ 2010 የተሠራ፣ ባለ 2 ሲሊንደር፣ 249 ሲሲ። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥር መሪው አንገት ላይ ከተመታው ጋር አንድ ነው።

ቅዳሜ ስደርስ ሞተሩ ሞቆ ጠበቀኝ፤ አልወደድኩትም። እዚያው አድሬ በማግስቱ በጠዋቱ ብርድ ራሴ አስነሳሁት። ቶሎ ተነሳ፣ ሰማያዊ ጭስ የለውም። የኋላ ጎማው ጎን ላይ 1416 ይላል፤ በፈረንጅ 2016 በ14ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ካቴናውም ላልቷል። ሁለቱን እቀይራለሁ፣ ግድ የለም።

ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ጓደኛዬ በጎን ማቆሚያው ላይ አጋድሎ የፊት ጎማውን ከመሬት ሲያነሳልኝ መሪውን በአንድ ጣት ቀስ ብዬ ግራና ቀኝ አዞርኩት። ልክ ቀጥ የሚልበት ቦታ ላይ ቀጭ ብሎ ይይዛል፤ ገፋ ሳደርገው ይለቃል። መሪው እስከ መጨረሻ ሲዞር የሚያቆመው ብረት ደግሞ በቀኝ በኩል ጎድጉዷል። የፕላስቲክ ሽፋኑ ግን አዲስ ነው! ሻጩ «ኩሽኔታ ነው እንጂ ወድቆ አያውቅም» ይላል። ያሳየሁት መካኒክ ሻንሲው ሳይጣመም አልቀረም አለኝ።

አዲስ አበባ የምመላለሰው በዚሁ ሞተር ነው፤ ከደጀን ወደ አባይ በረሃ የሚወርደው ጠመዝማዛ ደግሞ የሚያዝ መሪ አይምርም። ቀብዱን እስከ ሐሙስ ክፈል ተብያለሁ።

ኩሽኔታው ብቻ ተበልቶ ይሁን ሻንሲው ተጣሞ፣ ሞተሩ ሳይፈታ በክርና በሜትር ለክቼ የምለየው እንዴት ነው?